ልጆች ይዛችሁ አዲስ አበባ ስትመጡ መሃል ከተማ ረከስ ያለና ደህና ሆቴል እንዴት ይገኛል?

ከክፍለ ሀገርም ኑ ከውጭ፣ መጀመሪያ የሚታሰበው ዘመድ ቤት ማረፍ ነው። ችግሩ ዘመድ ዛሬ የሚኖረው ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚያ ልጆች ይዞ አራት ኪሎ መመላለስ ቀኑን ታክሲ ሰልፍ ላይ ይጨርሰዋል። ለጥቂት ቀን መሃል ከተማ ክፍል መያዝ ይሻላል። ዘመዱንም በደንብ እንጠቀምበታለን፣ ቆይ።

አንደኛ፣ ሰፈር ምረጡ። ልጆች የሚወዱት አብዛኛው ነገር አራት ኪሎ ዙሪያ ነው፦ ብሔራዊ ሙዚየም፣ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ ሳይንስ ሙዚየም። በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ሙዚየም ደግሞ ፒያሳ ነው፣ ከአራት ኪሎ በእግር ይደረሳል። ስለዚህ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ካልተገኘም ስታዲየም አካባቢ ፈልጉ። ቦሌ ለኤርፖርት ይቀርባል፣ ሌሊት ለሚገባ ሰው ጥሩ ነው፤ ግን ዋጋው ጠንከር ይላል፣ የጭፈራ ቤቱም ሙዚቃ ሌሊቱን አያስተኛም። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ያሉት ርካሽ አልጋዎች አንድ ሌሊት አድሮ ለሚሄድ መንገደኛ የተሰሩ ናቸው፣ ለልጆች አይሆኑም። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስ ብዙ ሰፈር ፈርሷል። ኢንተርኔት ላይ "አካባቢው ሞቅ ያለ ነው" የሚል አስተያየት ስታገኙ መቼ እንደተጻፈ እዩ፤ ሆቴሉ ቆሞ ዙሪያው ሜዳ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ቀኑንም አስቡበት። የካቲት መጀመሪያ ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ አለ፦ መንገድ ይዘጋል፣ ክፍል ይጠፋል፣ ዋጋ ይሰቀላል። ጥምቀትና መስቀልም እንደዚያው ናቸው፣ በዓሉን ለማየት ካልመጣችሁ በቀር አንድ ሳምንት ገፋ አድርጉት።

ቀጥሎ አምስት ስድስት ሆቴል ከካርታ ላይ ምረጡና ደውሉ። አዎ፣ ደውሉ። የቦታ ማስያዣ ድረ ገጾቹ ዋጋውን በዶላር ያሳያሉ፣ የውጭ ካርድም ይፈልጋሉ፤ በስልክ ደግሞ "ቤተሰብ ነን፣ አራት ሌሊት እናድራለን፣ ስንት ታደርጉልናላችሁ?" ብሎ መከራከር ይቻላል። ዋጋውን እንደነገሯችሁ ሰርቪስና ቫት ያካተተ መሆኑን ጠይቁ። ካላካተተ፣ 3,000 ብር የተባለው ክፍል 10 ከመቶ ሰርቪስና በላዩ 15 ከመቶ ቫት ሲጨመርበት 3,795 ብር ሆኖ ይመጣል። ልጅ እስከ ስንት ዓመት በነጻ ያድራል? ተጨማሪ ፍራሽ ይከፈልበታል? ቁርሱ ለልጆቹም ነው? የምትጾሙ ከሆነ የጾም ቁርስ አለ? ውሃ በፈረቃ ሲጠፋ ሮቶ አላቸው? መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ሊፍቱንም ያነሳል ወይስ አምፖል ብቻ? ሐምሌ ላይ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ሙቅ ውሃውን አትርሱ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለ ከተማ ነው፣ ብርዱ ለልጅ አይሆንም።

ከውጭ የምትመጡ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ንገሯቸው። ሰዓቱንም እንዲሁ፦ "ክፍሉ በ8 ሰዓት ይዘጋጃል" ቢሏችሁ ከቀትር በኋላ ነው፣ ጠዋት አይደለም።

አሁን ዘመዱ ይምጣ። ከመሸ በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ሄዶ እንዲያይላችሁ ጠይቁት። ቀን ቀን ሁሉም ሆቴል ያምራል። ማታ ግን ምድር ቤቱ መጠጥ ቤት መሆኑ፣ መንገዱ መብራት ያለው መሆኑ፣ ጥበቃው በሩ ላይ መሆን አለመሆኑ ይታያል። አንዳንድ ፔንሲዮን በሰዓት ያከራያል፤ ዋጋው የሚረክሰው ለዚያ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ በር ይከፈታል ይዘጋል። ሳታፍሩ በስልክ ጠይቁ፣ "በሰዓት ታከራያላችሁ?" ብላችሁ። ዘመዱ የእሳት መውጫ ደረጃውንም ይውረድበት፣ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት ወይም የቢራ ሳጥን ተደርድሮበት ካገኘው ሌላ ሆቴል ፈልጉ። በረንዳ ካለ የብረቱን ቁመትና ክፍተት ያስተውል፣ ትንሽ ልጅ ሊያሾልክ ይችላል። ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ፣ ድረ ገጹ ላይ ያለው ፎቶ ሆቴሉ የተመረቀ ቀን የተነሳ ነው።

ክፍያ ላይ ሙሉውን ቀድማችሁ አትላኩ። የአንድ ሌሊት ቀብድ ይበቃል፣ እሱም በሆቴሉ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ወይም ቴሌብር። የግለሰብ ስልክ ቁጥር ከሰጧችሁ ተዉት። ስትደርሱም ሻንጣ ከማውረዳችሁ በፊት አንዳችሁ ወደ ክፍሉ ውጡ፦ ቧንቧውን ክፈቱ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፉ፣ አንሶላውን ገልጣችሁ እዩ። ካልተስማማችሁ ክፍል ይቀይሩላችኋል፣ ከመንገዱ ጀርባ ያለውን ጠይቁ፣ ጸጥ ይላል።

ብዙ ቀን የምትቆዩና ልጆቹ ገና ትንንሾች ከሆኑ ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ ወይም ገስት ሃውስ ሊረክስ ይችላል፣ ገንፎ ለመስራት ብቻ እንኳ ያዋጣል። በደላላ ከሆነ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስልካችሁ ላይ 991 ለፖሊስ፣ 939 ለእሳት አደጋ፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ መዝግቡ። ማታ ስትወጡ ከመንገድ ታክሲ ከመጥራት በስልክ በሚታዘዙት ታክሲዎች፣ በ"ራይድ" ወይም በ"ፈረስ" ተመለሱ፣ ራይድ በ8294 ደውሎም ይታዘዛል። በረራችሁ ሌሊት ከሆነ ደግሞ ክፍሉን በ6 ሰዓት አስረክቡ ይሏችኋል፤ የግማሽ ቀን ሒሳብ ከፍሎ እስከ ማታ መቆየት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፣ ካልሆነም ሻንጣውን እንግዳ መቀበያው ጋ አስቀምጡና ልጆቹን ወዳጅነት ፓርክ ይዛችሁ ሂዱ።