ጠመዝማዛ ፈሳሽ ክሪስታልን በመስታወት መካከል እንዴት አስሮ ማየት ይቻላል?

ፈሳሽ ክሪስታል እንደ ፈሳሽ ይፈስሳል፣ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ክሪስታል በሥርዓት ይሰለፋሉ፤ ሰልፉ እየዞረ ሲሄድ ጠመዝማዛ ይባላል። እንዲህ ያለውን የምንሠራበት ሃይድሮክሲፕሮፒል ሴሉሎስ የሚባል ነጭ ዱቄት አለ። መድኃኒት አምራቾች ክኒን ለማጣበቅ ይጠቀሙበታል፤ በምግብ ላይ ደግሞ ኢ463 በሚል መለያ ይታወቃል። ምንም ማቅለሚያ ሳይጨመርበት፣ በውሃ ብቻ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ይሆናል።

13 ግራም ዱቄት በ7 ግራም ውሃ ለውሱ። በሞለኪውል ክብደቱ ዝቅ ያለውን ዓይነት ብታገኙ ይሻላል። ሊጡ ማንኪያ አላላውስ ሲል ውሃውን ማሞቅ ያምራል፤ አታድርጉት። ይህ ሴሉሎስ ከአብዛኛው ነገር በተቃራኒ የሚሟሟው በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ከ40 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ከውሃው ተለይቶ ይነጣል። ዕቃውን ግጥም አድርጋችሁ ለጥቂት ቀናት አስቀምጡት፤ አረፋው ይወጣል፣ ቀለሙም ብቅ ይላል።

ሞለኪውሎቹ ሲታጨቁ በድርብርብ ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱ ድርብ ከሥሩ ካለው ትንሽ ዞር እያለ እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ ይወጣል። አንድ ሙሉ ዙር 380 ናኖሜትር ገደማ ሲፈጅ አረንጓዴ ብርሃን ተመልሶ ይታያል። ዱቄቱ ሲበዛ ዙሩ ያጥራል፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ውሃው ሲበዛ ወደ ቀይ።

አሁን ጥቂቱን በሁለት መስታወት መካከል አድርጉ። እንዳይደርቅ ዳርቻውን በፕላስተር ዝጉ፣ ከሥሩም ጥቁር ወረቀት አንጥፉ፤ ያለ ጥቁሩ ቀለሙ ይደበዝዛል። በአውራ ጣት ጫን ስትሉ የተጫነው ቦታ ወደ ሰማያዊ ይሸሻል፣ ስትለቁት ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ጠመዝማዛውም አብሮ ስለሚታመቅ ነው። የሲኒማ የ3ዲ መነጽር ካላችሁ አንዱን ዓይን ጨፍናችሁ በየተራ እዩበት። በአንዱ የመነጽሩ ዓይን ቀለሙ ደምቆ ይታያል፣ በሌላው ይጠፋል። ጠመዝማዛው የሚዞረው ወደ ቀኝ ብቻ ስለሆነ የሚመልሰውም ወደ ቀኝ የሚሽከረከረውን ብርሃን ብቻ ነው። ለእኔ ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀው ይህ ነው።

እስካሁን ባለው ክፍተት ውስጥ ግን ብዙ ዙር ይገባል። ክፍተቱ ከአንድ ዙር ጋር ሲቀራረብ ጉዳዩ ሌላ ነው። ለዚህ ይህ ሊጥ በጣም ስለሚወፍር፣ በቤተ ሙከራ 5ሲቢ የሚባለው ፈሳሽ ክሪስታል ላይ ጥቂት ጠምዛዥ ንጥረ ነገር ጨምሩ፤ አንዱ ዙር ወደ 10 ማይክሮሜትር እንዲረዝም። ሁለቱን መስታወቶች ፖሊኢማይድ በሚባል ፕላስቲክ ስስ አድርጋችሁ ቀቡና በጨርቅ በአንድ አቅጣጫ ፈትጉ፤ ሞለኪውሎቹ በሁለቱም ፊት ወደዚያው ይተኛሉ። ከዚያ መስታወቶቹን በአንድ ጫፍ አነካክታችሁ በሌላው ከፈት አድርጉ።

ሁለቱም ፊቶች አቅጣጫውን ስለወሰኑት፣ በመካከል የሚገባው የግማሽ ዙር ብዜት ብቻ ነው። ስለዚህ ጠመዝማዛው በየቦታው ወይ ይለጠጣል ወይ ይታመቃል፤ መቋቋም ሲያቅተው ግማሽ ዙር በአንዴ ይጨምራል። ያ ቦታ በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን በሚጠቀመው) ጥርት ያለ መስመር ሆኖ ይታያል። ከሚነካካው ጫፍ አጠገብ፣ ክፍተቱ ከሩብ ዙር ሲያንስ፣ ጠመዝማዛው ጨርሶ ይፈታል፤ ለ10 ማይክሮሜትር ዙር 2.5 ማይክሮሜትር፣ ለ380 ናኖሜትሩ ከ100 ናኖሜትር በታች መሆኑ ነው።

የዙሩን ርዝመት ለማወቅ በሁለት ተከታታይ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ለኩ፣ በመስታወቶቹ አንግል ታንጀንት አባዙት፣ ከዚያ በ2 አባዙ።