ይግባኝ ረትቶ ወጪና ኪሳራ ለማስመለስ የሠራልኝ መንገድ

የእርሻ ድንበር ክርክሬን ደብረ ማርቆስ ላይ በይግባኝ ረታሁ። ፍርዱ መጨረሻ ላይ «የወጪና ኪሳራ ዝርዝር የማቅረብ መብቱ የተጠበቀ ነው» ይላል። ለክርክሩ ያወጣሁት፣ ተረቺው ሊተካልኝ የሚገባው ገንዘብ ግን አልመጣም።

መጀመሪያ ለተረታው ባላጋራዬ ሽማግሌ ላክሁ። «እከፍላለሁ» አለ፤ አልከፈለም። ቀጥሎ የፍርዱን ግልባጭ ይዤ ወረዳው ፍርድ ቤት የአፈጻጸም ማመልከቻ፣ ማለትም ፍርዱ በግድ እንዲፈጸምልኝ የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ አስገባሁ። ፍርዱ ላይ የተቆረጠ ብር የለም ተብሎ ተመለሰ። እውነት ነው፤ ያቺ መስመር መብት ትጠብቃለች እንጂ ብር አትቆርጥም።

የሠራው ይኸ ነው። መብቱን ለጠበቀልኝ ለይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 463 መሠረት ዝርዝር አቀረብሁ። የዳኝነት፣ የጠበቃ፣ የምስክር አበል፣ የጽሕፈትና የኮፒ፣ የመጓጓዣ ወጪ፤ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ከነቀኑ። ደረሰኞቹን በነጭ ወረቀት ላይ ለጥፌ፣ በዝርዝሩ ላይ ያለውን ተራ ቁጥር ጎናቸው ጻፍሁ። ሚኒባስ ደረሰኝ አይሰጥም። ስለዚህ የመንገዱን ወጪ መዝገቡ ላይ ካለው ከየቀጠሮው ቀን ጋር አመሳከርሁት። ይቺ በጣም ጠቀመችኝ፤ ዳኛው ቀኑን ከመዝገቡ ጋር አስተያይተው ተቀበሉት።

ዝርዝሩ ለመልስ ሰጪው፣ ለባላጋራዬ፣ ደረሰው፤ የጠበቃው ክፍያ በዛ ብሎ ተከራከረ። ውሉን ብቻ ሳይሆን የተከፈለበትን ደረሰኝም አያይዣለሁና ከዚያ የተቀነሰብኝ ጥቂት ነው። ደረሰኝ ከጠበቃችሁ ሳትቀበሉ ብር አትስጡ፣ አደራ።

ፍርድ ቤቱ መጠኑን በትእዛዝ ቆረጠ። የትእዛዙን ግልባጭ ይዤ በዚያው ሕግ ቁጥር 378 አዲስ አፈጻጸም ከፈትሁ። በዚህኛው ከፈለ።