የረጅም ጊዜ ቪዛ ስትመርጡ ከአገሩ በፊት ወረቀታችሁን እዩ

ጅማ ውስጥ ለውጭ ድርጅት ኦንላይን የምንሠራ ሰዎች ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ ስንገናኝ ወሬው ሁልጊዜ ከአገር ይጀምራል። አንዱ ፖርቱጋል ይላል፣ ሌላው ዱባይ፣ ሦስተኛው "ታይላንድ ኑሮው ርካሽ ነው" ይላል። ቶናው ሳይቀዳ ሁሉም እዚያው ቤት ተከራይቶ ጨርሷል።

እኔም በዚሁ መንገድ ጀምሬ ሦስት ወር አባክኛለሁ። አሁን ለሚጠይቀኝ ሰው የምነግረው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የሥራ ውላችሁን፣ ቀጥሎ ፓስፖርታችሁን፣ ከዚያ ገቢያችሁን እዩ። እነዚህ ሦስቱ ከተጣሩ በኋላ የሚቀሩት አገሮች ከሁለት ወይም ከሦስት አይበልጡም።

1. ውሉን አውጡና አንብቡት

ከውሉ ላይ የምትፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ተቀጣሪ ናችሁ ወይስ ኮንትራክተር (በራሱ ስም በውል የሚሠራ የግል ባለሙያ)? በየወሩ አንድ ድርጅት ስለሚከፍለን ብዙዎቻችን "ተቀጥሬያለሁ" እንላለን፤ ወረቀቱ ግን "ኢንዲፔንደንት ኮንትራክተር" ይላል። ለኪስ ልዩነት የለውም፣ ለቪዛ ግን አለው።

ስፔንን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በርቀት ለሚሠሩ ሰዎች የምትሰጠው ቪዛ ከድርጅቱ ጋር ቢያንስ 3 ወር የሠራችሁ እንድትሆኑ፣ ድርጅቱ ራሱ ቢያንስ 1 ዓመት የቆየ እንዲሆን፣ ዲግሪ ወይም የ3 ዓመት ልምድ እንዲኖራችሁ ይጠይቃል። ተቀጣሪ ከሆናችሁ ደግሞ የማኅበራዊ ዋስትናው ጉዳይ ወደ ቀጣሪያችሁ ይሄዳል፤ ብዙ ትናንሽ ድርጅቶች "ይሄን አንችልም" የሚሉት እዚህ ላይ ነው። ኮንትራክተር ከሆናችሁ እዚያው በግል ሥራ ትመዘገባላችሁ፤ ከስፔን ደንበኞች የምታገኙት ግን ከጠቅላላ ሥራችሁ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም።

ውሉን ካነበባችሁ በኋላ ከቀጣሪው ደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤው ስማችሁን እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ፣ የሥራ መደባችሁን፣ ክፍያውን ከነገንዘቡ ዓይነት፣ ውሉ የጀመረበትንና የሚያበቃበትን ቀን ይግለጽ። ከሁሉም በላይ ግን ሥራውን ከሌላ አገር ሆናችሁ መሥራት እንደተፈቀደላችሁ በግልጽ ይናገር። "ኦንላይን ነው፣ የት እንዳለሁ ማን ያውቃል" ብላችሁ አትለፉት። ሠራተኛ አገር ሲቀይር የታክስና የመረጃ ጥበቃ ጣጣ የሚመጣው ድርጅቱ ላይ ነው፤ ቪዛው ከወጣ በኋላ እምቢ ቢሏችሁ ቪዛውንም ሥራውንም ታጣላችሁ።

2. የኢትዮጵያ ፓስፖርት የት ይገባል?

ኢንተርኔት ላይ የሚዞሩት "ምርጥ 20 አገሮች" የሚሉት ዝርዝሮች በአብዛኛው የተጻፉት ለአሜሪካና ለአውሮፓ ዜጎች ነው። ኬፕ ቨርዴ የርቀት ሠራተኛ ፕሮግራም አላት፣ አፍሪካም ውስጥ ናት፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ለአውሮፓ፣ ለሰሜን አሜሪካ፣ ለፖርቱጋልኛ ተናጋሪ አገሮችና ለምዕራብ አፍሪካው ኢኮዋስ አባላት ዜጎች ነው። እኛ የለንበትም። ሞሪሸስም እ.ኤ.አ. በ2020 የጀመረችው ፕሪሚየም ቪዛ የራሱ የአገሮች ዝርዝር አለው። ስለዚህ የአገሩን የኢሚግሬሽን ገጽ ስትከፍቱ ስለ ባሕሩ ዳርቻ ከማንበባችሁ በፊት ወደ ዜግነት ዝርዝሩ ውረዱ።

ፓስፖርታችሁ ሊያልቅ የቀረው ከአንድ ዓመት ተኩል በታች ከሆነ ማመልከቻውን አቆዩትና መጀመሪያ አሳድሱ። ቅርንጫፉ እዚሁ ጅማ ስላለ ለዚህ እንኳን አዲስ አበባ መመላለስ የለባችሁም።

3. ገቢያችሁ የቱን ይሻገራል?

ቁጥሮቹ እጅግ ይራራቃሉ። ሞሪሸስ በወር 1,500 ዶላር ትጠይቃለች። ማሌዥያ እ.ኤ.አ. በ2022 የጀመረችው ዲኢ ራንታው የሚባል የርቀት ሠራተኛ ቪዛ በቴክኖሎጂ ዘርፍ ለሚሠራ በዓመት 24,000 ዶላር፣ ከዘርፉ ውጭ ላለ ደግሞ 60,000 ዶላር ነው፤ ከ3 እስከ 12 ወር ይሰጣል፣ ሌላ 12 ወርም ይታደሳል። ዱባይ በወር 3,500 ዶላርና የአንድ ዓመት ውል ትፈልጋለች። ፖርቱጋል የአገሩን ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ ትጠይቃለች፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ2025 3,480 ዩሮ ነበር። ኢስቶኒያ በወር 4,500 ዩሮ ደርሳለች። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2024 ያመጣችው ዲቲቪ የሚባል ቪዛ ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ ዋናው ጥያቄ የወር ገቢ ሳይሆን ባንክ ውስጥ የተቀመጠ 500,000 ባት ነው። ቪዛው 5 ዓመት ይቆያል፣ በአንድ መግቢያ 180 ቀን ያስቀምጣል።

እንደ እኔ አስተያየት ገቢያችሁ ገደቡን ለጥቂት የሚያልፍ ከሆነ ያንን አገር ተዉት። እንደ ፖርቱጋል ባለ አገር ገደቡ የተሰላበት ዝቅተኛ ደመወዝ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ለማደስ ስትሄዱ ገደቡ አልፏችሁ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ሌላው ችግር የእኛ ባንክ ስቴትመንት በብር መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ሁለቱንም ጊዜ የሚያሳይ ስቴትመንት የሚያይ የውጭ አገር ሰው ደመወዛችሁ ድንገት እጥፍ የሆነ ይመስለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍያ በዶላር የገባበትን ማስረጃ ከቅርንጫፋችሁ አስወጡ፣ ማኅተም አስመቱበት፣ ከወሩ ፔይሮል (የደመወዝ ወረቀት) ወይም ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) ጋር አያይዙት። በውጭ ምንዛሪ የሚያዝ ሂሳብ ካላችሁ ደግሞ የእሱን ስቴትመንት አስቀድሙ።

4. ስም! ስም! ስም!

የእኔ ማመልከቻ የተመለሰው በገቢ አይደለም። ውሉ ላይ ስሜና የአባቴ ስም ነበር፤ ፓስፖርቱ ላይ አያቴም አሉ። ደመወዝ የሚገባው ደግሞ ጓደኞቼ በሚጠሩኝ አጭር ስም ነበር፤ ሥራውን ስጀምር ፕሮፋይሌ ላይ እንዲያ ብዬ ስለሞላሁ። ሰነዱን ያየው ሰው ሦስት የተለያዩ ሰዎች አገኘ።

ጅማ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የቀበሌ መታወቂያችን በቁቤ ነው። ጥላሁን በቁቤ በ"ኤክስ" ይጀምራል፣ ፓስፖርት ላይ በ"ቲ"። ጫላ ቀበሌ ሲሄድ በ"ሲ" ብቻ ይጻፋል፣ ኢሚግሬሽን ሲሄድ "ኤች" ይጨመርለታል። ሀሰን ባንክ ቤት አንድ "ኤስ" ነው፣ ዲግሪው ላይ ሁለት። እኛ ስናነበው አንድ ሰው ነው፤ ለቪዛ ሠራተኛው ግን አይደለም። የልደት ዘመኑንም እዩ፤ በእኛ አቆጣጠር 1987 የሚል መታወቂያ ሳይብራራ ከቀረበ ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጃችኋል።

የሁሉም መለኪያ ፓስፖርቱ ይሁን። ቀላሉ ውሉን ማስተካከል ነው፣ ቀጣሪው በኢሜይል ይጨርሰዋል። ቀጥሎ ባንኩ፤ ፓስፖርቱን ይዛችሁ ቅርንጫፉ ቅረቡ። ከዚያ በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር በትክክለኛው ስም ደመወዝ ይግባ። ዲግሪና የጋብቻ ወረቀት መቀየር ስለሚያስቸግር ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ አውጡና ከነትርጉሙ አያይዙ።

5. ሰዓቱን በወረቀት ላይ አስሉ

ቀጣሪያችሁ ኒውዮርክ ከሆነ በእነሱ ክረምት ጅማ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ገብታችሁ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ትወጣላችሁ። ኳላ ላምፑር ብትሄዱ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ነው። ሊዝበን ከቀኑ 8 እስከ ምሽቱ 4። አንድ ዓመት ሙሉ ሌሊት መሥራት የሚችል ሰው አለ፤ እኔ አልችልም፣ ማሌዥያን የሰረዝኳት በዚህ ብቻ ነው።

6. ታክስ

እዚህ በምትኖሩበት ጊዜ በአዋጅ 979/2008 መሠረት ነዋሪ ግብር ከፋይ በመሆናችሁ ከውጭ የምታገኙትም ገቢ ይቆጠራል፤ ቀጣሪው ውጭ ስለሆነ የሚቆርጥላችሁ የለም፣ ራሳችሁ ታስታውቃላችሁ። ስትሄዱ ደግሞ በብዙ አገር ግማሽ ዓመት ገደማ ስትቆዩ የዚያ አገር ታክስ ነዋሪ ትሆናላችሁ፤ ማሌዥያ 182 ቀን፣ ፖርቱጋል 183 ቀን። ኤምሬትስ በግለሰብ ደመወዝ ላይ ታክስ የላትም። ሁለት አገር በእኩል ገቢ ሲቀሩላችሁ መለያው ይህ ሊሆን ይችላል።

7. ማመልከቻው

የምታመለክቱት በኦንላይን ነው ወይስ በኤምባሲ? በኤምባሲ ከሆነ አዲስ አበባ አለ ወይስ ጉዳያችንን የሚያየው ናይሮቢ ወይም ካይሮ ነው? ይህን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ የትኬቱ ዋጋ ከቪዛው ይበልጣል። አሻራ ያለበትን የፌዴራል ፖሊስ ከወንጀል ነፃ ማስረጃና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ማረጋገጫ በአንድ የአዲስ አበባ ጉዞ ለመጨረስ ሞክሩ፤ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ የጊቤን ቁልቁለት ሁለቴ መውረድ አያስፈልግም። የፖሊሱን ማስረጃ ግን ቶሎ አታውጡት፤ አብዛኛው ኤምባሲ ከጥቂት ወር በላይ የቆየውን አይቀበልም። የጤና ኢንሹራንሱም የምትሄዱበትን አገር በስም የሚሸፍን ይሁን።

"ቪዛው መቶ በመቶ ይወጣል" የሚል ደላላ ከመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ "የእኔ ውል የተቀጣሪ ነው የኮንትራክተር?" ውላችሁን ሳያይ መልስ ከሰጣችሁ፣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተነሡ።