ከትንንሽ ልጆች ጋር ላንጋኖ ሐይቅ ዳር እንዴት ዕረፍት ማሳለፍ ይቻላል

ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ልጆችን ውሃ ዳር ወስዶ አሸዋ ላይ ማጫወት ሲታሰብ ቀድሞ የሚነሣው ስም ላንጋኖ ነው። ሐይቁ ከዋና ከተማው ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,600 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል። እንደ ዝዋይ ካሉ ጎረቤት ሐይቆች በተለየ ከቢልሃርዚያ (በውሃ ውስጥ ካለ ጥገኛ ትል የሚመጣ በሽታ) ነፃ ነው ተብሎ ስለሚታወቅም ለብዙ ዓመታት የዋናተኞች ምርጫ ሆኖ ቆይቷል። ብዙ ቦታ ላይ ከዳር ሲገቡበት ቀስ በቀስ የሚጠልቅ መሆኑ ደግሞ ወላጆችን ያረጋጋል። ይሁን እንጂ ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። የላንጋኖ ውሃ በውስጡ በተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ምክንያት እንደ ወተት ሻይ ቡናማ ነው፤ እስከ ጉልበትዎ ገብተው ሲቆሙ የገዛ እግርዎን ጣቶች አያዩም። በጠራ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ወለሉ ላይ የወደቀ ልጅ ይታያል፤ እዚህ ግን ጭንቅላቱ ከውሃው በታች የገባ ልጅ ከዓይን ስለሚሰወር ሁለት እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው እንኳ የት እንዳለ ላያውቅ ይችላል። ከዚህ በታች የቀረቡት ደረጃዎች፣ ከልብስ ቀለም ምርጫ እስከ ውሎው አከፋፈል ድረስ፣ በአብዛኛው ከዚህ እውነታ የሚነሡ ናቸው።

1. ወቅቱንና ማረፊያውን ይምረጡ

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ዝናብ ስለማይበዛ፣ ቀኑም ሞቃት ስለሆነ ለጉዞው የተመቸ ነው፤ ሌሊቱ ግን ስለሚበርድ ለልጆቹ ሹራብ መያዝ ያስፈልጋል። ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ያሉት የመስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር ወራት በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ወባ የሚበረታባቸው ናቸውና ገና ሕፃን ያለው ቤተሰብ ሌላ ጊዜ ቢመርጥ ይሻለዋል። የበዓል ሰሞንና ቅዳሜና እሑድ ዳርቻው በሰው ይሞላል፤ በሰው መካከል ልጅን በዓይን መከተል ደግሞ እጅግ ይከብዳል። ፈቃድ ማግኘት የሚችሉ ወላጆች በሥራ ቀናት ቢሄዱ ልጆቻቸውን ለመጠበቅም፣ ክፍል ለማግኘትም ይቀላቸዋል።

ማረፊያውን በስልክ ሲይዙ ስለ ዋጋው ብቻ አይጠይቁ። ክፍሉ ከውሃው ምን ያህል ይርቃል? በሩ ከውስጥ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ይቆለፋል? አልጋው ላይ ያልተቀደደ አጎበር አለ? ለሚዋኙ ሰዎች የተከለለ ቦታና ጠባቂ አለ? እኛ ብዙ ጊዜ ውሃው ደጃፍ ላይ ያለ ክፍል እንደ ዕድል እንቆጥራለን፤ ገና መሄድ የጀመረ ልጅ ላለው ቤተሰብ ግን ከዳርቻው ፈንጠር ብሎ የተሠራው ክፍል የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ወላጆቹ እንቅልፍ ላይ ሳሉ ማለዳ የሚነሣ ልጅ ከክፍሉ ቢወጣ ውሃው ጋር ከመድረሱ በፊት የሚታይበት ዕድል ይኖራል። በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ባለው የደን አካባቢ ለማረፍ ካሰቡ ጉማሬ ስለሚኖር ከመሸ በኋላ ወደ ውሃው ዳር መውረድ እንደማይገባ ይወቁ፤ ጦጣና ዝንጀሮም ምግብ ከልጅ እጅ ይነጥቃሉና ልጆች ደጅ ሲበሉ ብቻቸውን አይተዉ።

ከውጭ አገር ለዕረፍት የሚመጡ ቤተሰቦች ስለ ወባ መከላከያ መድኃኒት ከመነሣታቸው አራት ሳምንት ያህል ቀደም ብለው በሚኖሩበት አገር ሐኪም ያማክሩ። ልጆቻቸው በሠለጠኑ አዳኞች በሚጠበቅ ባሕር ወይም ገንዳ የለመዱ ከሆኑም እዚህ እንዲህ ያለ ጥበቃ መኖሩ አስቀድሞ ሊታመን እንደማይገባ ለራሳቸው ለልጆቹ ጭምር በግልጽ ማስረዳት ያስፈልጋል።

2. ዕቃ ያዘጋጁ

የመዋኛ ልብስ ሲገዙ ቀለሙን እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ መከላከያ ይመልከቱት። ደማቅ ብርቱካናማ፣ ደማቅ ቢጫና ቀይ በቡናማ ውሃ ላይ ከሩቅ ይለያሉ፤ ቡናማ፣ ግራጫና ሰማያዊ ግን ከውሃው ጋር ይመሳሰላሉ። እጅጌው ረጅም የሆነ የመዋኛ ልብስ ከፀሐይም ስለሚከላከል እጥፍ ጥቅም አለው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው በልጁ ክብደት ልክ የተሠራ፣ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው የሕይወት አድን ጃኬት ነው። ክንድ ላይ የሚጠለቁት በአየር የሚነፉ ተንሳፋፊዎችና ጎማዎች መጫወቻ እንጂ ሕይወት አድን አይደሉም፤ በድንገት ይወልቃሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ ነፋስም ከነልጁ ወደ መካከል ሊገፋቸው ይችላል። የሐይቁ ጥልቅ ክፍል ከ45 ሜትር በላይ መሆኑን የሚያስታውስ ወላጅ በእነርሱ ላይ አይተማመንም።

ሰፊ ባርኔጣ፣ ከኋላ የሚታሰር ጫማ፣ ጥላ የሚሆን ትልቅ ጨርቅ ወይም ጃንጥላ፣ የታሸገ የመጠጥ ውሃ፣ ልጆቹን ማለቅለቂያ ሳፋና ጆግ ይያዙ። በዳርቻው የግራር እሾህ ስለሚወድቅ በባዶ እግር መሮጥ አይመከርም። ነጭ ልብስ ቤት ይቅር፤ የሐይቁ ውሃ ያጠይመዋል። በመድኃኒት ቦርሳው ውስጥ የሙቀት መለኪያ፣ ለልጁ ክብደት የሚስማማ ፓራሲታሞል፣ ኦአርኤስ (ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት)፣ የቁስል ማጽጃና ፋሻ፣ የእሾህ መንቀያ ወረንጦ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ይኑር። ሁለት ወር ያልሞላው ጨቅላ ቅባቱ አይቀባም፤ እርሱን አጎበርና ልብስ ይጠብቁት።

3. መንገዱን በቀን ይጓዙ

ከአዲስ አበባ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ ደግሞ በመቂና በባቱ (በዝዋይ ከተማ) አድርጎ የሚወስደው መንገድ ከሕፃናት ጋር ከነዕረፍቱ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ሁኔታ ከማረፊያው ሠራተኞችና በቅርቡ ከተጓዙ ሰዎች ያጣሩ፤ አጠራጣሪ ነገር ካለ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ እንጂ መሞከር አይገባም። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሡ ሙቀቱ ሳይበረታ ይደርሳሉ። ልጆች ከኋላ፣ በዕድሜያቸው ልክ በተሠራ መቀመጫ ታስረው ይቀመጡ፤ ሕፃንን ፊት ወንበር ላይ ታቅፎ መሄድ በእኛ ዘንድ የተለመደ ቢሆንም በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ የእናት ክንድ ልጁን ሊይዘው አይችልም። ከባቱ በኋላ ከብት፣ ጋሪና ባጃጅ መንገዱን ስለሚጋሩ ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል። ባቱ ላይ ቆመው ልጆቹ የይብራ ወፎችንና አባ ኮዳዎችን እንዲያዩ ማድረግ ጥሩ ዕረፍት ነው፤ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ውሃ ግን አይግቡ።

4. ልጆቹ ውሃ ከመንካታቸው በፊት የውሃ ጠባቂ ይሰይሙ

ከሁሉ የሚበልጠው ደረጃ ይህ ነው። ልጆች ብዙ ሰው ባለበት የሚሰጥሙት ሁሉም ሰው ሌላው እያየ እንደሆነ ስለሚያስብ ነው። አባት እናት ያየች ይመስለዋል፣ እናት አክስት ያየች ይመስላታል፣ አክስትም ታላቅ ወንድሙ አብሮት እንዳለ ታስባለች። ስለዚህ በማንኛውም ሰዓት አንድ ስሙ የታወቀ አዋቂ የውሃ ጠባቂ ይሁን። ጠባቂው መዋኘት የሚችል፣ ቢራም ሆነ ሌላ መጠጥ ያልቀመሰ፣ ስልኩን ለሌላ ሰው የሰጠ ሰው ነው። ተራው ከ20 ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ዓይንም ሐሳብም ይደክማል። ሲቀያየሩም በቃል ይሁን፤ ተረኛው «አሁን አንቺ ነሽ» ሲል ተቀባይዋም «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብላ ትመልስ። ይህ መልስ ካልተሰማ የመጀመሪያው ሰው ከቦታው አይነሣም።

ሞግዚት ይዘው የሚሄዱ ቤተሰቦች ይህን ኃላፊነት ለእርሷ ባይሰጡ እመክራለሁ። ብዙዎቹ ወጣቶች መዋኘት የመማር ዕድል አላገኙም፤ ልጁ ሲንሸራተት ተከትለው የሚገቡት ግን እነርሱ ናቸው፤ በዚህም ሁለት ነፍስ አደጋ ላይ ይወድቃል። ለአሥር ወይም ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ታናሹን አደራ መስጠትም እንዲሁ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሸክም ነው።

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ውሃ ውስጥ ሲሆን ጠባቂው እጁን ዘርግቶ በሚነካው ርቀት ላይ፣ ውሃው ውስጥ መሆን አለበት። ወንበር ላይ ተቀምጦ ማየት በዚህ ሐይቅ አይበቃም። የሚሰጥም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፣ እጁንም አያውለበልብም፤ አፉ ከውሃው በላይ ሲወጣ ለመተንፈስ ብቻ ጊዜ ስለሚኖረው በዝምታ ይሰምጣል። ስለዚህ ጆሮን ተማምኖ ዓይንን ማንሣት አይቻልም። በልጆቹም ዘንድ የሚገባ ደንብ ይውጣ፤ ለምሳሌ ውሃው ከልጁ እምብርት በላይ እንዳይደርስ፣ ማንም ሳይናገር እንዳይገባና ሳይናገር እንዳይወጣ። ከእይታ የጠፋ ልጅ ሲኖር ሰዎች ብዙ ጊዜ ክፍሎችንና መጫወቻውን ይፈልጋሉ፤ መጀመሪያ መፈለግ ያለበት ግን ውሃው ነው።

5. ቀኑን በፀሐይና በነፋስ ልክ ይከፋፍሉ

በላንጋኖ ጠዋት ውሃው ይረጋል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣና ሞገድ ይፈጥራል። የሕፃናት የውሃ ሰዓት እንግዲህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ከሰዓት 10 ሰዓት ድረስ ፀሐዩ ስለሚበረታ ልጆቹ ጥላ ውስጥ ይቆዩ። የፀሐይ ጎጂ ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጠነክር የሐይቁ ከፍታ ራሱ አንድ ምክንያት ነው፤ ጥቁር ቆዳ በፀሐይ አይጎዳም የሚለው አባባልም ትክክል አይደለም። መከላከያው ቁጥር 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት ከመውጣታቸው 20 ደቂቃ ያህል አስቀድሞ ይቀቡ፣ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ይድገሙት። ስድስት ወር ያልሞላውን ሕፃን ግን ከመቀባት ይልቅ ጨርሶ ከፀሐይ ማራቅ ይመረጣል።

ቀትሩ የምግብና የእንቅልፍ ጊዜ ይሁን። ዓሣ ካዘዙ ለትንንሾቹ ሥጋውን በጣትዎ ፈልፍለው አጥንት አለመቅረቱን ካረጋገጡ በኋላ ያጉርሱ። ልጆች በጨዋታ ላይ ሳሉ ጥማታቸውን ስለሚረሱ ሳይጠይቁ ውሃ ይስጧቸው፤ ሽንታቸው ጠቆር ካለ አልበቃቸውም ማለት ነው። ተቅማጥ ከጀመረ አንዱን የኦአርኤስ ፓኬት በላዩ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ በጥብጠው ቶሎ ቶሎ በጥቂት በጥቂቱ ያጠጡ፤ ጡት የሚጠባውም ጡቱን አያቋርጥ።

ፀሐይ በረድ ሲል አሸዋው የልጆች ነው። ጥልቅ ጉድጓድ እንዳይቆፍሩና ውስጡ እንዳይገቡ ይጠንቀቁ፤ የተደረመሰ አሸዋ ትንሽ ልጅ ሊያፍን ይችላል። ትልልቆቹ ልጆች ከሰለቻቸው ከመንገዱ ማዶ ያለው የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ሰጎንና የሜዳ ፍየል የሚታዩበት ቅርብ ቦታ ነው። የሻላ ፍል ውሃ ቆዳ ያቃጥላል፣ የአብያታ ዳርቻ ጭቃም መኪና ይይዛል፤ ከፓርኩ አስጎብኚ ጋር ይሂዱ፣ የልጆቹንም እጅ አይልቀቁ።

6. አደጋ ቢደርስ የሚደረገውን አስቀድመው ይወቁ

በደረሱበት ቀን ቅርቡ ጤና ተቋም የት እንደሆነ፣ በሌሊት መኪና ማን እንደሚያገኝ ይጠይቁ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው፤ ነገር ግን ከሐይቁ ዳር ሆስፒታል ያለባቸው ባቱና ሻሸመኔ ራቅ ያሉ ስለሆኑ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በእርስዎ እጅ ናቸው። የሰመጠ ልጅ ሲወጣ ቁልቁል መዘቅዘቅና ሆዱን ተጭኖ ውሃ ለማስወጣት መሞከር የተለመደ ቢሆንም ጊዜ ያባክናል፣ ጉዳትም ያደርሳል። ልጁን በጀርባው አስተኝተው የማይተነፍስ ከሆነ ራሱን ቀና አድርገው፣ አፍንጫውን ይዘው በአፉ 5 ጊዜ ትንፋሽ ይስጡ፤ ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ አፉንም አፍንጫውንም በአፍዎ ይሸፍኑ። የሕይወት ምልክት ካላሳየ የደረቱን መካከል በውፍረቱ ሲሶ ያህል እስኪወርድ ድረስ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በሚሆን ፍጥነት 30 ጊዜ ይጫኑ፣ ከዚያ 2 ትንፋሽ ይስጡ፤ እርዳታ እስኪደርስ ይህን ይቀጥሉ። ይህን ሁሉ ከጽሑፍ ብቻ መማር ስለማይበቃ ከጉዞው በፊት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና መውሰድ የሚችል አንድ የቤተሰቡ አባል ቢወስድ እጅግ መልካም ነው። ውሃ ታፍኖ በራሱ የተነፈሰ ልጅም ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለው፣ ከልክ በላይ ካንቀላፋም፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው።

7. ማታውንና ከተመለሱ በኋላ ያለውን ጊዜ አይዘንጉ

ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ ከምሽት ጀምሮ ስለምትነክስ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ልጆቹን ለቅልቀው ረጅም እጅጌና ሱሪ ያልብሷቸው፣ አጎበሩንም ከፍራሹ በታች ያስገቡ። ወደ ቤት ከተመለሱ ከአንድ ሳምንት በኋላም ሆነ በቀጣዮቹ ሳምንታት ልጁ ካተኮሰው ጉንፋን ነው ብለው ሳይጠብቁ በዚያው ቀን የደም ምርመራ ያስደርጉለት። አዲስ አበባ ውስጥ የሚመረምረው ሐኪም ልጁ ቆላ ወርዶ እንደነበር ላይገምት ስለሚችል ላንጋኖ ማደራችሁን ሳይጠየቁ ይንገሩት። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ከወራት በኋላም ሊነሣ ስለሚችል፣ የጉዞውን ቀን በልጁ የሕክምና ካርድ ላይ ጽፎ ማኖር ይጠቅማል።