ከሌላ አገር የአጸደ ሕፃናት መምህራን ጋር ለመገናኘት

በጎንደር በአጸደ ሕፃናትም ሆነ በኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው የመሰናዶ ዓመት) የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ከሌላ አገር መምህራን ጋር ልምድ ለመለዋወጥ ካሰባችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተውና በብዙ አገሮች ብሔራዊ ኮሚቴዎች ያሉት የዓለም የቅድመ መደበኛ ትምህርት ድርጅት፣ በምህጻሩ ኦሜፕ፣ ጥሩ መነሻ ነው። የመጀመሪያው መልእክታችሁ ግን ሰላምታ ብቻ አይሁን፤ ለምሳሌ ሕፃናቱ ከጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር በመጣ የሸክላ አፈር እንስሳትን ሲሠሩ ምን እንደተነጋገሩ ገልጻችሁ፣ በእነርሱ ዘንድ ተመሳሳይ ሥራ እንዴት እንደሚመራ ብትጠይቁ፣ መልስ የማግኘት ዕድላችሁ እጅግ ይሰፋል። የልጆቹን ፊት የሚያሳይ ፎቶግራፍ ያለ ወላጅ ፈቃድ ፈጽሞ አትላኩ፤ እጃቸውና ሥራቸው ይበቃል። በቀጥታ ለመነጋገር ከናይሮቢ መምህራን መጀመሩ ይቀላል፤ የሰዓት ልዩነት የለንምና። ቀጠሮ ስትጽፉ ግን የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በእነርሱ አቆጣጠር 9 ሰዓት መሆኑን አስታውሱ።