ታናሽ ወንድማችሁ የቤቲንግ (የኳስ ውርርድ) ትኬት መቁረጥ ከጀመረ እንዲህ አድርጉ

መጀመሪያ አትጩሁበት። እኔ ጮኼበት ነበር፣ ምንም ያተረፍኩት የለም፣ እዚህ ባሕር ዳር ሰፈራችን ያለውን ቤቲንግ ቤት ትቶ አባይ ማዶ ድረስ በባጃጅ እየሄደ መቁረጥ ጀመረ እንጂ። ገና 16 ዓመቱ ነው። በሩ ላይ እኮ ከ21 ዓመት በታች ክልክል ነው የሚል ተለጥፏል፣ ግን ማን ይጠይቀዋል፣ ቢጠየቅም ውጪ የቆመ አንዱ ትልቅ ሰው ይቆርጥለታል።

በምን ታውቃላችሁ? ብር መጥፋት ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ቀድሞ የሚለወጠው ኳስ አያየቱ ነው። የኛው ልጅ ለአርሰናል የሚያብድ ነበር፣ አንድ ቅዳሜ ማታ አርሰናል ሲያገባ ሁላችንም ስንዘል እሱ ስልኩን አየና "ኤጭ" አለ፣ ለካ አንደር፣ ማለትም ብዙ ጎል አይገባም ብሎ፣ ይዞ ኖሯል። ከዛ አንድም ቀን አይቶት የማያውቀውን የፊንላንድ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድን በስሙ መጥራት ጀመረ። ያኔ ነው የነቃሁት።

የእናታችሁን ቴሌብር እዩ። ከ127 የሚመጣውን ሜሴጅ ቢያጠፋው እንኳን አፑ ውስጥ የወጣው ብር ዝርዝር አለ። ፒኑን ቀይሩት፣ የልደት ዓመት ግን እንዳታደርጉት በናታችሁ።

ከዛ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አብራችሁት ቁጭ በሉ። እኔ ለውጥ ያየሁት እዚህ ጋ ነው። ልጁ ሁሌ የሚላት ነገር አለች፣ "በአንድ ጨዋታ ነው እኮ የተበላሁት!" በአንድ ትኬት 10 ጨዋታ ከያዘ ሁሉም መግባት አለባቸው፣ 9ኙ ገብቶ አንዱ ሲያስበላው የተሸነፈ አይመስለውም፣ ለጥቂት ያመለጠው ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ነገ ይደግማል። እሺ አስላው በሉት፣ በራሱ ስልክ ካልኩሌተር። 10 ጨዋታ እያንዳንዱ 1.50 ኦድ (ከገባ ብሩ የሚባዛበት ቁጥር) እርስ በርሱ ሲባዛ 57 ምናምን ይመጣል፣ በ20 ብር 1,153 ብር። አፍ ያስከፍታል አይደል? ግን ኦዱ ውስጥ የቤቱ ትርፍ አለ፣ 5 ከመቶ ብቻ ነው እንበል፣ የአንዱ ጨዋታ የመግባት ዕድል 63 ከመቶ አካባቢ ይሆናል፣ እሱ 10 ጊዜ ሲባዛ 1 ከመቶ ላይ ወርዶ ቁጭ። በአማካይ ከ96 ትኬት አንዱ ይገባል ማለት ነው፣ 96 ትኬት ደግሞ 1,920 ብር። እና ከነዛው 96 ውስጥ ስድስት የሚሆኑት በአንድ ጨዋታ የሚበሉ ናቸው፣ ዕድሉ ጠምሞ አይደለም፣ የትኬቱ ጠባይ ራሱ እንደዛ ነው። የኛው እዚህ ቁጥር ላይ ሲደርስ ዝም አለ፣ ደግሞ አባዛው፣ ያው መጣለት።

ቨርቹዋል ከጀመረማ ጣጣው ይበዛል፣ እዛ ኳስም የለም፣ ኮምፒውተር ነው፣ በየደቂቃው አዲስ ጨዋታ ስለሚመጣ ልጁ ለማሰብ ጊዜ የለውም።

ብድር ካለበት ብሩን በእጁ አትስጡት፣ አበዳሪው ጋ አብራችሁት ሂዱ። የኛው ጊዮርጊስ አካባቢ ጫማ ከሚጠርግ ልጅ 400 ብር ወስዶ ነበር፣ ከሱ የሚያንስ ልጅ ነው፣ የላቡን! ስንከፍለው አጠገቤ አቁሜው ነበር፣ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ሲያይ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምከፍልልህ አልኩት።

እንቅልፍ ካጣ ወይም ብሞት ይሻለኛል አይነት ነገር ካወራ ግን ምክሩን ተዉትና ብቻውን ሳትተዉት በዛው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዱት፣ እዚህ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም የቁማር ሱስን በበሽታ ነው የመዘገበው፣ ስንፍና አይደለም።

ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ ብቻውን አትተዉት። እኛ ጣና ዳር ወርደን አሳ እንበላለን፣ ጨዋታውን አብረን እናያለን፣ ስልኩ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ አንዴ የ10 ብር ቆርጦ ነበር፣ ማንም ሳይጠይቀው መጥቶ ነገረኝ። ምንም አላልኩትም፣ ያቺን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠሁት፣ እሱም ከታች 97 ብሎ ጻፈባት።