ከአሜሪካ ታሪክ ኮርስ አትሽሹ

በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ጥሪ አሜሪካ ገብታችሁ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለመመዝገብ ስታስቡ የዘመድ አዝማዱ ምክር ያው ነው። «ነርሲንግ ተማሪ»፣ «አይቲ ይሻልሃል»፣ «ቶሎ ጨርሰህ ሥራ ያዝ»። ምክሩ ክፉ አይደለም። የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚጠብቅ ቤተሰብም አለ። ግን በዚህ ጥድፊያ መሀል የምንኖርበትን አገር የሚያስረዱን ኮርሶች እንደ እንቅፋት ይቆጠራሉ። «ኤ የሚሰጠው አስተማሪ የቱ ነው?» ተብሎ ይታለፋሉ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ምክንያቱም ለአዲስ መጤ ከነዚህ ኮርሶች የበለጠ የሚጠቅም ብዙ አላውቅም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ባችለርስ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት፣ ማለትም የትምህርት መለኪያ ነጥብ፣ ነው። የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ የሁለት ዓመት ዲግሪ ደግሞ ወደ 60 ገደማ። ብዙዎቹ ኮርሶች 3 ክሬዲት ይይዛሉ። ከዚህ ውስጥ ቀላል የማይባለው ክፍል «ጄኔራል ኤዱኬሽን» ይባላል። የምታጠኑት ምንም ይሁን ምን ከታሪክ፣ ከሥነ ጽሑፍ፣ ከሶሺዮሎጂና ከመሳሰሉት መውሰድ አለባችሁ። ዳላስ ወይም ሂዩስተን ከሆናችሁማ ማምለጫ የለም። በቴክሳስ የመንግሥት ኮሌጆች ባችለርስ ለማግኘት 6 ክሬዲት የአሜሪካ ታሪክና 6 ክሬዲት የመንግሥት አስተዳደር መውሰድ በስቴቱ ሕግ ግዴታ ነው። እንደ ዲሲው ጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያሉት ደግሞ «አሜሪካን ስተዲስ» የሚባል፣ አሜሪካን በታሪክ፣ በሥነ ጽሑፍና በባህል የሚያጠና ራሱን የቻለ ትምህርት አላቸው። ለእናንተ ግን ያ ዲግሪ የግድ አያስፈልግም። ግዴታ የሆኑባችሁን ኮርሶች አስባችሁ ብትመርጡ ይበቃል።

ለምሳሌ የቤትን ጉዳይ እንውሰድ። ገና እንደመጣችሁ «እዚያ ሰፈር ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው፣ ግን ኪራዩ አይቀመስም» ሲባል ትሰማላችሁ። ለምን? የአስተዳደር ኮርስ የወሰደ ሰው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ትልቅ የገንዘብ ምንጭ በአካባቢው ቤቶች ላይ የሚጣለው ግብር መሆኑን ያውቃል። ቤቱ ውድ በሆነበት ሰፈር ትምህርት ቤቱም ገንዘብ አለው።

ታሪክ ክፍል ስትገቡ ደግሞ ነገሩ ወደኋላ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የከተሞችን ካርታ በቀለም ከፋፈለ። ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ቀይ ተቀቡ፣ ትርጉሙም «እዚህ ማበደር አደገኛ ነው» ነበር። ጥቁር ቤተሰቦች ለረጅም ጊዜ የቤት ብድር ተነፈጉ። በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ በዘር ማግለልን የከለከለው የፌዴራል ሕግ የወጣው ገና በ1968 ነው። ሶሺዮሎጂ ይህ ያስከተለውን የሀብት ልዩነት እስከ ዛሬ ድረስ ይከታተለዋል።

ሕግና ሥነ ጽሑፍም እዚሁ ይገናኛሉ። ካርል ሃንስቤሪ የሚባል የቺካጎ ጥቁር ነጋዴ ለነጮች ብቻ በተባለ ሰፈር ቤት ገዝቶ ተከሰሰ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1940 ተፈረደለት። ልጁ ሎሬይን ያንን ሕይወት መነሻ አድርጋ የጻፈችው ተውኔት በ1959 ብሮድዌይ ላይ ታየ። ዛሬ በብዙ የእንግሊዝኛ ክፍሎች ይነበባል። አጎቷ ዊልያም ሊዮ ሃንስቤሪን ደግሞ እኛም ልናውቀው ይገባል። ከ1922 ጀምሮ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን ጥንታዊ ታሪክ ያስተማረ፣ ስለ ኢትዮጵያም ብዙ የደከመ ሰው ነው። በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጥቶታል።

ለዚህም ነው የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ ኮርስ በተለይ የምመክረው። «የነሱ ነገር እኛን አይመለከትም» የሚሉ ወገኖች አሉ። ይመለከተናል። እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው የኮታ ሕግ ከየአገሩ ወደ አሜሪካ የሚገባውን ሰው ቁጥር ሲገድብ ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ነበር። ያ ሥርዓት የፈረሰው በ1965፣ በሲቪል መብት ትግሉ ዘመን ነው። ዲቪም የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1990 በወጣው ሕግ ነው። የመጣንበትን በር እነማን እንደከፈቱት ማወቅ ዕዳችን ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ። እኛ መምህር ፊት ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ተምረናል። እዚህ ግን በነዚህ ኮርሶች መናገር ብዙ ጊዜ ማርክ አለው። ፕሮፌሰሩ የተናገረውን በምክንያት መቃወም ነውር አይደለም። እንግሊዝኛችሁ ቢንገዳገድም እጃችሁን አውጡ። ንባቡ ይበዛል፣ ስለዚህ የማታ ሺፍት የምትሠሩ ከሆነ በመጀመሪያው ሴሚስተር እንዲህ ያለ ኮርስ አንድ ብቻ ይበቃችኋል። ከመጽሐፍም ሆነ ከኢንተርኔት ቃል በቃል ወስዶ ምንጩን አለመጥቀስ ከኮርሱ ሊያስጥል፣ ከኮሌጅም ሊያስባርር ይችላል። ጽሑፋችሁን የሚያይላችሁ «ራይቲንግ ሴንተር» በብዙ ኮሌጆች በነፃ አለ፣ ተጠቀሙበት። በኦፊስ አወርስ፣ ማለትም ፕሮፌሰሩ ተማሪ በሚቀበልበት ሰዓት፣ ቢሮው ሄዶ ማነጋገርም መብታችሁ ነው። ሰዓቱ የተያዘው ለእናንተ ነው።

ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ስደተኛ ሆናችሁ የመጣችሁና ጥገኝነት ያገኛችሁ ፋፍሳ (FAFSA) የሚባለውን ማመልከቻ ሞልታችሁ ለትምህርት ክፍያ የፌዴራል እርዳታ መጠየቅ ትችላላችሁ። በተማሪ ቪዛ የመጣችሁ ግን አትችሉም። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ካሰባችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት የኮሌጁን የትምህርት አማካሪ (አድቫይዘር) «ይሄ ኮርስ እዚያ ይቆጠርልኛል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በኢሜይል ተቀበሉ። የየኮርሱን «ሲለበስ» (syllabus)፣ ማለትም ኮርሱ ምን እንደሚያስተምር የሚዘረዝረውን ወረቀትም አትጣሉ። ክሬዲታችሁ ጥያቄ ከተነሳበት ዩኒቨርሲቲው ሊያየው የሚፈልገው እሱን ነው።